ያልተመረገው ግድግዳ

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ናርዶስ ግን ከመዘምራኑ መካከል እንደቆመች እጆቿን ከኋላዋ አቆላለፈች።

መድረኩ ላይ ጓደኛዋ ሶሲ ማይኩን ይዛ የወጣቶች ኅብረቱን ሪፖርት ታነባለች። «...በትናንትናው ዕለትም የእማማ ቦሼን ቤት ሙሉ በሙሉ አድሰን አስረክበናል። ክብር ለጌታ ይሁን!»

እልልታው ቀለጠ። የኅብረቱ መሪ ወንድም ደምሰው ፊቱ በደስታ በራ። ቅዳሜን አልዱባ ከተማ ሄዶ ስለዋለ ሥራውን በዓይኑ አላየም።

ናርዶስ አይታለች። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ስምንት ሆነው፣ አዳዲስ ቲሸርት ለብሰው፣ ጂንካ ዳር ብቻቸውን ወደሚኖሩት እማማ ቦሼ ቤት ሄዱ። የጓሮው ግድግዳ ዘሞ ነበር። እየዘመሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ አፈረሱት። እንጨቱን ማቆምና ማገሩን መምታት ግን እኩለ ቀን ድረስ ፈጀ። የግድግዳው ጭቃ ገና ጉልበት ከፍታ ላይ ሲደርስ አንዱ የመዝሙር ልምምድ እንዳለ አስታወሰ። ደህና በሆነው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ፎቶ ተነሱ፤ ክፍቱን በላስቲክ ሸፈኑትና ሄዱ። ሳይመሽ ዝናቡ ወረደ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ናርዶስ ሶሲን በክንዷ ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደቻት። «አላለቀም እኮ!»

«አታካብጂ ባክሽ። ያው ሊያልቅ አይደል?»

«መቼ? ዛሬ ለጉባኤው ዲመካ ደርሰን እስክንመለስ ይመሻል። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ፈተና ነው።»

ሶሲ ዙሪያዋን ቃኘት አደረገች። «ታዲያ ምን ልበል? በዛ ሁሉ ሕዝብ ፊት አፍርሰን ጥለነው ሄድን ልበል? ናርዲ፣ ተይኝ። ሚኒባሱ ስድስት ተኩል ላይ ይነሳል። መዝሙሩን የምትመሪው አንቺ ነሽ፣ እንዳታረፍጂ።»

ናርዶስ ቤቷ ስትገባ ምሳ ቀረበላት፤ አልነካችውም። ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ መስኮቱን ከፈተች። ከተራራው ጀርባ ደመናው እየጠቆረ ነው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እግሯ ግን ወደ ሚኒባሱ አልሄደም።

ላስቲኩን ነፋስ ገንጥሎ ጥሎታል። በማገሩ ክፍተት የእማማ ቦሼ አልጋ ይታያል፤ ፍራሹ ርሶ ደጅ ተሰጥቷል። እማማ ቦሼ ወድቀው ከተሰበሩ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። በግራቸው ጭቃ እየዘገኑ በእንጨቶቹ መካከል ይጠቀጥቃሉ።

«ደህና ዋሉ እማማ?»

«ደህና።» ዞር አላሉም። «ሌሎቹስ?»

«ዲመካ ሊሄዱ ነው። ጉባኤ አለ።»

«ጥሩ ነው። ዘምሩ።» አንድ እፍኝ ጭቃ ለጠፉ። «የድሮው ግድግዳ ዘሞ ነበር። ግን ዝናብ አያስገባም።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖር ለናርዶስ ይቀላት ነበር።

ስልኳ ጮኸ። «የት ነሽ አንቺ?» አለች ሶሲ። «ሁሉም ገብቷል! አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው!»

ያን መዝሙር አንድ ወር ሙሉ ተለማምዳዋለች፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ልብስ ስታጥብ።

«ስልኩን ለወንድም ደምሰው ስጪልኝ።»

ሶሲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ናርዲ፣ እባክሽ።»

«ስጪልኝ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማች። «ናርዶስ፣ ምን ሆነሽ ቀረሽ?»

«እማማ ቦሼ ቤት ነኝ። ግድግዳው አላለቀም። ዝናብ ገብቶባቸዋል።»

«ሪፖርቱ ላይ ግን...»

«ሪፖርቱ ልክ አይደለም። እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዲመካ አልሄድም።»

ወንድም ደምሰው በረጅሙ ተነፈሰ። «ጉባኤው እየጠበቀን ነው» አለ። «ስንመለስ እንነጋገራለን፤ አንቺም ሶሲም።» መስመሩ ተቋረጠ።

ናርዶስ ስልኩን ይዛ ቆመች። ሶሲ ነገ ታናግራት፣ አታናግራት አታውቅም። ግድግዳውን አየች፣ ደመናውን አየች። ለብቻዋ እስከ ማታ ግማሹንም አትጨርሰውም።

በአጥሩ ላይ የአንድ ሰው ራስ ብቅ አለ። ጎረቤቱ ጋሽ ተረፈ ናቸው፤ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተመድበው የመጡ። «እማማ ቦሼ! ያ ትናንት አፍርሶ የጠፋው መንጋ አልተመለሰም እንዴ?»

እማማ ቦሼ ናርዶስን አየት አደረጓት። ተመልሰው ጭቃ ዘገኑ። እሷም ዝም ብትል የሰፈር ልጅ መስላ ታልፍ ነበር።

ወደ አጥሩ ተጠጋች። «እኛ ነን ያፈረስነው» አለች። «ዝናቡ ሳይመጣ መመረግ አለበት። አካፋ ካለዎት... ሰውም ካገኘን።»

ጋሽ ተረፈ ነጭ የክት ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ወዲያው ራሳቸው ከአጥሩ ላይ ጠፋ። አካፋ ሊያመጡ ይሁን ተናደው ይሁን፣ ናርዶስ አላወቀችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብስባ አሰረች፣ ቀዝቃዛው ጭቃ ውስጥ ገብታ መርገጥ ጀመረች።

«ጭድ አንሶታል» አሉ እማማ ቦሼ። «ጨምሪበት።»