አንድም ቀን ያልተዘለለ መድኃኒት

የአምስት ዓመቱን ልጅ አስከሬን ጠዋት አወጡት፤ የሞቱ ምክንያት እስኪታወቅ ተብሎ ወዲያው የሆስፒታሉ ክፍል በር ከውጭ ተቆለፈ። ውስጥ የቀሩት ሲስተሯ፣ ፋርማሲስቱ፣ የልጁ አክስት፣ ትኩሳት ይዟት የተኛች የሦስት ዓመት እህቱ፣ እና ሰው ሁሉ «መርፌ» የሚላት መርማሪ ናቸው። መስኮቱ በምስማር ተመቷል። ክፍሉ ያፍናል ስላችሁ!

በሁለቱም ልጆች ደም ውስጥ ኤችአይቪ አለ። አምና የፈንገስ በሽታ ይዟቸው ድነው፣ እንዳይመለስ ብለው በየቀኑ ፈሳሽ መድኃኒት ይጠጡ ነበር። ግን ተመለሰና የልጁ ጭንቅላት ውስጥ ገባ። አሁን የእህቱም ደም ውስጥ ተገኝቷል።

ዶክተሩ ለመርፌ ቁርጡን ነግሯታል። «መድኃኒቱ በትክክል እየደረሳት ካልሠራላት፣ በደም ሥር የሚሰጠውን፣ ኩላሊት የሚጎዳውን ሌላ መድኃኒት እጀምራለሁ። ካልደረሳት ግን ይኸው የሚጠጣው ይበቃታል። አንድ ሰዓት አለሽ።»

«ያንተ ጠርሙስ ነው ውሃ የበዛበት!» አለች ሲስተሯ ፋርማሲስቱን።

«ኧረ ባክሽ! አንቺስ ስትከታተያቸው የት ነበርሽ?»

«ቤታቸው ነው የሚጠጡት! እኔ የማየው በጠጡ ቁጥር ምልክት የሚደረግበትን ካርድ ነው።»

«አፈር ልብላ፣ አንድም ቀን አላስቀረሁም» አለች አክስቲቱ።

መርፌ ካርዱን አገላበጠች። እውነት ነው፣ ምልክት የሌለበት ቀን የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማሬ፣ መድኃኒቱ ምን ምን ይላል?»

«ውሃ ውሃ።»

«የኔ መድኃኒት?» ፋርማሲስቱ ተናደደ። «ሌሎቹ ልጆች ‹አሸዋ አበላኸን› እያሉ አይደል የሚሰድቡኝ!»

መርፌ የአክስቲቱን ቦርሳ አስከፈተች። ጠርሙስ፣ ኩባያ፣ አንዲት ነጭ ሻሽ።

«ይቺስ፣ እትዬ?»

«አፋቸውን መጥረጊያ ናት፣ እህቴ።»

መርፌ ሻሿን ወደ መብራቱ አነሳቻት። ከዚያ በሩን መታች። ዶክተሩ ገባ፤ በሩ ከኋላው እንደገና ተቆለፈ።

«ጠርሙሱ ደህና ነው» አለች። «ሌሎቹም ከዚያው ዓይነት ነው የሚጠጡት፣ ማንም አላገረሸበትም። ሲስተር መድኃኒቱን በእጇ አትነካም። ካርዱም አልዋሸም፣ ልጆቹ በየቀኑ ጠጥተዋል። ታዲያ ይቺ ልጅ አሸዋውን እንዴት አታውቀውም? አፍ የሚጠርግ ጨርቅ የትም የትም ይቆሽሻል። ይቺ ግን መሃሏ ላይ ብቻ የኩባያ አፍ የሚያህል ክብ አላት፣ ክቡ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቋል። እትዬ፣ መድኃኒቱን በዚህች ያጠልሉት ነበር።»

አክስቲቱ ሻሿን ከመርፌ እጅ ወሰደች።

«የወንድሟ ጉሮሮ ቆስሎ ነበር። አሸዋው ሲቧጥጠው ለቅሶው አንጀቴን በላው። ሳጠልልለት ዝም ብሎ ጠጣ፤ ከዚያ ለእሷም አጠለልኩላት። መድኃኒቱ አሸዋው ነው ብሎ ማን ነገረኝ?»

«በጥብጪው ብዬሻለሁ እኮ» አለ ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ።

«በጠበጥኩት! በጥብጬ አጠለልኩት።»

ሲስተሯና ፋርማሲስቱ መሬት መሬት አዩ።

«ስለዚህ አልደረሳትም» አለ ዶክተሩ። ጠርሙሱን በጥብጦ ለካ። ልጅቷ አንዴ ቀምሳ ተፋችው፤ ጩኸቷን አቀለጠችው። አክስቲቱ ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ ሮጠች። ተቆልፏል። ተመልሳ የልጅቷን ሁለት እጆች ያዘች።

«ዋጪው እናቴ» አለቻት። «አልቅሺና ዋጪው።»