የዱጋሳ የካርታ ሕግ

ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አቶ ነገሳ ከግቢ እንዳልወጣ ከለከሉኝ። ዘመኑ 1957 ዓ.ም. ነው፤ ቤታችን ኮተቤ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ መምህርነት ልማር ስል፣ ለጭነት መኪና ሹፌሩ ለገረሱ ሰጡኝ። ከአጥራችን በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየኛል፤ እኔ ግን ከበሩ አላልፍም። ለበዓል ታስሮ እንደሚቀለብ ሙክት ነበርኩ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየው ዱጋሳ የሒሳብ መምህር ለመሆን ይማራል። እሑድ እሑድ ከሰዓት ከአባቴ ጋር ካርታ ይጫወታል። አንድ ቀን ምስር ስለቅም ወረቀትና ካርታ ይዞ መጣ።

«ሎሚ፣ ካርታ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን አስነክቶኝ!»

«በጣም ጥሩ! ምንም የማያውቅ ሰው ነበር የምፈልገው።»

«ተገኘሁልሃ እንግዲህ!»

ሳቀ። አስተማሪያቸው ዛሬ ኮምፒውተር ስለሚሉት የውጭ አገር የሚያሰላ መኪና ነግሯቸው ኖሯል። መኪናው በራሱ አያስብም፤ የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል። የዱጋሳ መልመጃ ለእንዲህ ያለ መኪና የካርታ ነጥብ አቆጣጠር መጻፍ ነው። መኪናዋ እኔ ሆንኩ።

አምስት ካርታ ሰጠኝና ሕጉን አነበብኩ፦ «ሥዕል ያለው ካርታ ዐሥር ነጥብ ነው። የሌላው ነጥብ የተጻፈበት ቁጥር ነው። የእጅሽን ነጥብ ለማግኘት የመጀመሪያውን ካርታ ነጥብ ከቀሩት ነጥብ ጋር ደምሪ። የቀሩትንም በዚሁ ሕግ ቁጠሪ።»

አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ ሄድኩ። እጄ ባዶ ሲሆን ቀና አልኩ።

«እሺ፣ ስንት ሆነ?»

«ገና ነው።»

«አለቀ እኮ!»

«ካርታው አለቀ። ሕግህ ግን አሁንም የቀሩትን ቁጠሪ ይለኛል። ባዶ እጅ ስንት እንደሆነ የት ጻፍክ?»

ወረቀቱን አየ። አንገቱን እያከከ «ባዶ እጅ ዜሮ ነው» የሚል ጨመረበት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቶሎም ዐይኑን አልመለሰም። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ አዲስ ሕግ ጽፎ ይመጣል፤ እኔ ስሕተቱን እፈልጋለሁ። አንድ ቀን እጄን ያዘና «አባትሽን እጠይቃለሁ» አለኝ።

«መቼ?»

«ፈተናዬን ልጨርስ።»

ፈተናውን ጨረሰ። «ሽማግሌ ልፈልግ» አለ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀረው።

ሆሳዕና ዕለት አባቴና ዱጋሳ ካርታ ሲጫወቱ ገብቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ገረሱን አላገባም። መማር ነው የምፈልገው።»

አባቴ ካርታቸውን አስቀመጡ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

ዱጋሳን አየሁት። «እኔ ነኝ» ቢል፣ አባቴ ሁለታችንንም ቢያባርሩን እንኳ በባዶ እግሬ እከተለው ነበር። አባቴም ወደ እሱ ዞሩ።

«ዱጋሳ፣ አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። እስቲ ምከርልኝ።»

«ሎሚ» አለ ዐይኑን ከካርታው ሳያነሣ፣ «አባትሽ የሚሉሽን ስሚ።»

ላምበረት፣ ገረሱ ቤት ገባሁ። አምስት ልጆች ወለድን። ገረሱ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴንም ሳይሞቱ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ የሚያውቁት ያንኑ ነበር። ዱጋሳን ግን፣ እወደው ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።