በዕቃ ክፍሉ በር ላይ የታየው ብርሃን

ሌንሱ የለም።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጠዋት ዕቃ ክፍሉን ሲከፍት ሳጥኑን በቦታው አገኘው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የጠፋው ከዓይኑ ብሌን ለይቶ የማያየው ትልቁ ሌንስ ነው።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ሲዘጋ ቤቱ በሙሉ ፎቶ ይነሳል፤ በማግስቱ የከፈተ ሰው ከፎቶው ጋር ያመሳክራል። የትናንቱን ያነሳው እዚያው የሚሠራው የባለቤቱ ሚስት ወንድም ነው። በፎቶው ላይ የዕቃ ክፍሉ በር ጨለማ ነው። በጨለማው ውስጥ ሦስት የብርሃን ነጠብጣቦች አሉ።

«ባትሪ ነው፤ ውስጥ ሰው ነበር» አለ የሚስቱ ወንድም።

ከባለቤቱ ሌላ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ያለው በወጣቷ ፎቶ አንሺ እጅ ብቻ ነው። ከቀትር በፊት ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

እናቷ ሹራብ በፌስታል ይዛ እየሮጠች መጣች። ልጅሽ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ሲሏት ከዚህ አልሄድም አለች። መርማሪዋ ሳጅን አዘነችላትና ጥግ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቃል እንዳይወጣት አስጠንቅቃ።

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጣሽ?» አለቻት ልጅቷን።

«አሥር ሰዓት።»

«ካሜራውን ለማን ሰጠሽ?»

«ለባለቤቱ ሚስት ወንድም።»

«ይሄ ብርሃንስ?»

ልጅቷ ፎቶውን ዘቅዝቃ አየችው። «ሳጅን፣ ይሄ ባትሪ አይደለም። የጣሪያው መብራት ነው።»

ሳጅኗ እንዲህ ያለ ብዙ ሰምታለች። በፎቶው ላይ መብራቱ ከላይ በስተቀኝ ነው፣ በሩ ከታች በስተግራ፤ በምን ይገናኛሉ?

ልጅቷ ማስመሪያ ለመነች። ፎቶው ላይ ከሚታዩት ከሦስቱ የጣሪያ አምፖሎች እየተነሳች በፎቶው መሃል አሳልፋ መስመር ሳበች። እያንዳንዱ መስመር አንድ ነጠብጣብ ላይ ልክ አረፈ። ላይ ሁለት፣ ታች አንድ የነበሩት አምፖሎች በሩ ላይ ተገልብጠዋል።

ሳጅኗ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

ነገሩ ከፊልተሩ ነው አለች ልጅቷ፤ የሌንሱን ፊት ከሚሸፍነው ክብ መስታወት። ነጸብራቅ የሚያጠፋ ስስ ቅብ የሌለው ፊልተር ብርሃን ይመልሳል። የተመለሰው ብርሃን ተገልብጦ ፎቶው ላይ ያርፋል። ቅብ ያለው ግን ያሳልፈዋል። የቤቱ ካሜራዎች ሁሉ ቅብ ያለው ነው የሚገጠምላቸው። ቅብ የሌለው አንድ ብቻ አለ፤ ገዢ አወዳድሮ እንዲመርጥ ባንኮኒው ላይ ቅብ ካለው ጎን የተቀመጠ።

ወደ ፎቶ ቤቱ ሄዱ። እናትየውም ተከተለች፤ ማንም ተመለሽ አላላትም።

ባንኮኒው ላይ የቀረው ቅብ ያለው ፊልተር ብቻ ነው። የጓደኛው ቦታ ባዶ ነው።

ሳጅኗ ካሜራውን ከመብራቱ ሥር ያዘችው። ሦስቱ አምፖሎች በፊልተሩ ላይ ነጭ ሆነው ፈጠጡ። የባንኮኒውን ስትይዝ ግን ከጥልቅ ውሃ ሥር እንዳሉ ሦስት አረንጓዴ ፍሬዎች ደበዘዙ። በመጀመሪያው ፊልተር ፎቶ አነሱ፤ በሩ ላይ ብርሃን ታየ። ቀይረው አነሱ፤ በሩ ጨለመ።

እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይን የማያየው ስስ ቅብ ልጇን ከእስር ሊያወጣት ነው።

ሳጅኗ ልጅቷ ትናንት ቀን ላይ በዚያው ካሜራ ያነሳችውን የደንበኛ ፎቶ አስወጣች። ያው መብራት፣ ያው በር፤ ነጠብጣብ የለም።

«ከአሥር ሰዓት በኋላ ካሜራውን የያዙት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችው የሚስቱን ወንድም።

«ፊልተር የቀየረ ሁሉ ሌባ ነው?»

«አይደለም። ጥሩውን ፊልተር የት አደረጉት?»

የሰውየው መኖሪያ ቤት ተፈተሸ። ፊልተሩ አልጋው ሥር ተገኘ፤ በትልቁ ሌንስ ላይ እንደተገጠመ።

ሌንሱን የወሰደው ልጅቷ ደንበኛ ስታስተናግድ፣ ዕቃ ክፍሉ ክፍት ሳለ ነው። የሌንሱ የራሱ ፊልተር ተጭሮ ስለነበር፣ ካሜራው እጁ ሲገባ የካሜራውን ፈታ። ካሜራው ባዶውን እንዳይታይ የባንኮኒውን ገጠመለት። ነጠብጣቦቹ ምን እንደሆኑ እሱም አላወቀም፤ ጠዋት ሲያያቸው ደንግጦ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ሰባት ዓመት የሌንሱን ሳጥን ተሸከምኩ» አለ ባለቤቱን እያየ። «አንድ ቀን እንኳ እስቲ ሞክረው አላልከኝም። እሷ ግን ሥራ በገባች በሁለት ዓመቷ ያዘችው።»

 ባለቤቱ ወደ እናትየው ዞሮ ይቅርታ ጠየቀ።  እሷ የልጇን እጅ ያዘችና ወጣች። መንገዱን ሙሉ በየመስኮቱ መስታወት ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ አዲስ ነገር እንዳየ ሰው እያየች ሄደች። የልጇን እጅ ግን እስከ ቤት አልለቀቀችም።