የጵርስቅላ ፍሪጅ

ሆሳዕና ውስጥ፣ ጎፈር ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ አጥር ግቢ የባዮሎጂ መምህሩ ጴጥሮስ፣ ባለቤቱ ጵርስቅላና አንድያ ልጃቸው ቤተልሔም ይኖሩ ነበር። ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር። ግን መከራ አንዴ ቤት ከለመደ ማን ይመልሰዋል? ጵርስቅላ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሥልጠና ወስዳ፣ በእንቁላል ማስፈልፈያ አስፈልፍላ ያሳደገቻቸውን ዶሮዎች ፈንግል ጠራርጎ ፈጀባት። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በአጥሩ በኩል ትንሽ ሱቅ ከፍታ ለስላሳ መሸጥ ጀመረች። ሱቁን ሱቅ ያሰኘው አንድ ፍሪጅ ነበር። እሱንም መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ አቃጠለው። ይህ ሁሉ ሳያንስ ቤተልሔም ታመመች! ቶንሲል ነው ተብሎ የተናቀ የጉሮሮ ሕመም ውስጥ ውስጡን ልቧን ሲጎዳው ኖሮ፣ ገና በልጅነቷ ጥቂት እርምጃ የሚያደክማት ሆነች። ሐኪሞቹ ልቧ በቀዶ ጥገና ካልተጠገነ ዕድሜዋ አጭር መሆኑን ለወላጆቿ ነግረው አዲስ አበባ ወረፋ አስያዙላት። የቀራቸው ጥሪውን መጠበቅ ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን የጵርስቅላ ወንድም ብዙነህ ከሀደሮ በታች ካለው ቆላ ለቤተልሔም አንዲት ኤሊ ይዞላት መጣ። መሮጥ የማትችለው ልጅ የማይሮጥ ጓደኛ አገኘች። ጎመን ታበላታለች፣ ታወራታለች፣ የት/ቤት ወሬዋን ሁሉ ትነግራታለች። ኤሊዋም ጓሮ ቆፍራ እንቁላል ጣለች። ደስታው ግን ምን ያህል ቆየ? ለጎረቤት ድንጋይ ያመጣ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ በር ላይ አገኛትና ጨፈለቃት። ቤተልሔም ከንፈሯ እስኪጠቁር አለቀሰች። ጴጥሮስ ልጁ በእጁ ላይ የምትሞትበት መሰለው። «እንቁላሎቿ አሉ አይደል? እኔ አባትሽ አስፈለፍልልሻለሁ!» ብሎ ማለላት። ምን ብሎ እንደማለ ያወቀው በኋላ ነው። የሆሳዕና ብርድ የቆላ ኤሊ እንቁላል አያስፈለፍልም።

እሁድ ጵርስቅላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፍሪጇ ግቢው መሃል ተጋድሞ፣ ሞተሩ ተነቅሎ አገኘችው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቅዝቃዜ የሚይዝ ሳጥን ሙቀትም ይይዛል» አላት ቀና ሳይል። «ለልጅቷ ነው።»

«እኔስ ላሠራው ደፋ ቀና የምለው ለማን ነበር? ጴጥሮስ፣ እኔን መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል?»

አልከበደውም፤ እምቢ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። እንዲያ ቢላት ምን ነበረበት? ወንድ ልጅ ፈራሁ ከሚል ቢቆጣ ይቀለዋል መሰለኝ! «የሞተ ፍሪጅ ነው፣ ምን ትሆኚበታለሽ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተኳረፉ። እሁድ እሁድ በአንድ መደዳ ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን ቤተልሔም በሁለቱ መካከል መልእክተኛ ነበረች። «እራት ቀርቧል በዪው» ትላለች እናት። «አልራበኝም በያት» ይላል አባት። ልጅቷም የታመመ ልቧን ይዛ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ትመላለሳለች።

የፍሪጁ ነገር ደግሞ ጴጥሮስን ሊያሳብደው ደረሰ። ከታች አምፖል አስገባ፤ አምፖሉ ተቃጠለ። ሙቀቱ ሲበዛ እንዲያጠፋለት ከአሮጌ ካውያ ቴርሞስታት ፈትቶ ገጠመ፤ ቴርሞስታቱ ካውያ እንጂ እንቁላል አያውቅምና ሊቀቅላቸው ሆነ። ለእርጥበት ብሎ ያስቀመጠው ውሃ ተደፍቶ ገመዱን ነካና የቤቱን ቆጣሪ አጠፋ። ተስተካከለ ሲል መብራት ይሄዳል። በጀሪካን የፈላ ውሃ ሞልቶ ውስጥ ይከታል፤ ጀሪካኑን ሳያወጣ መብራት ይመጣና ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ይወጣል። መፍቻውን ወርውሮ «ኧረ ጌታ ሆይ፣ አንድ ነገር እንኳ ይሳካልኝ!» ብሎ ያለቀሰበት ቀን ነበር። ያስተማረው ሳይንስ ሁሉ አንድ አሮጌ ሳጥን ማሞቅ ካቃተው ምን ሊረባው ነው?

በመጨረሻ ግን ሙቀቱ ረጋ። ሳምንታት አልፈው አንድ ማለዳ እንቁላሎቹ ላይ በስልኩ ባትሪ አበራና ቤተልሔምን ጠራት። በቅርፊቱ ውስጥ ቀጫጭን ቀይ ደም ሥሮች ይታዩ ነበር። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነበር ከሳቀች! ጵርስቅላ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ያንን ሳቅ አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መጋረጃውን መለሰችው። ጴጥሮስ በየእንቁላሉ አናት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። «እንዳትነኪያቸው» አላት ልጁን። ለሚስቱ ግን ምንም አልነገራትም። ተኳርፈው የለ!

ከአዲስ አበባ የተደወለው ከዚያ ወዲያ ነው፦ ተራችሁ ደርሷል፣ ይዛችኋት ኑ። ስንት ሰው ለምኖ የማያገኘው ጥሪ! ቤተልሔም ግን የፍሪጁን በር ሙጭጭ አድርጋ ይዛ «እስኪፈለፈሉ አልሄድም!» አለች። ጵርስቅላ ኩርፊያዋን ጣለች።

«የቤቲ አባት፣ እግርህ ላይ ልውደቅ፤ ተሸክመንም ቢሆን እንውሰዳት።»

«እየጮኸች ሄዳ መንገድ ላይ ልቧ ቢቆምስ? ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። ይፈለፈላሉ እያልኩሽ!»

ለልጁ አዝኖ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ያን ሁሉ የተሟገተበትን ነገር ሳያሳካ መሄድ አንገብግቦት እንደነበርስ ማን ይክዳል? ተራው ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ ኩርፊያውም ተመለሰ። የቤተልሔም እግር ማበጥ ጀመረ።

አንድ ቀን ስብሰባ ቀርቶ ጴጥሮስ ያለወትሮው በእኩለ ቀን ቤቱ ገባ። ጵርስቅላ ፍሪጁ ፊት ተንበርክካ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። የእርሳሱ ምልክት ወደ ታች፣ እንቁላሎቹ ወደተቀመጡበት አሸዋ ዞሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?!»

«ጠዋትና ማታ ካልተገላበጠ ከቅርፊቱ ይጣበቃል ብለው በሥልጠናው አስተምረውናል» አለች ደንግጣ። «ምልክት አድርገህባቸው ሳይ፣ ለማገላበጥ ነው ብዬ… ያኔ እኛም እንደዚህ ነበር የምናደርገው። አንተ ሥራ ስትሄድ እያገላበጥኩ፣ ሳትመጣ እየመለስኩ ልርዳህ ብዬ…»

«ያ ዶሮ ነው! ይሄ ኤሊ ነው! ምልክቱ እንዳይገለበጥ ነበር! ፅንሱ ከላይኛው ቅርፊት ተጣብቆ ነው የሚያድገው፤ ከተገለበጠ ይሞታል! ገደልሻቸው!»

አበራባቸው። ደም ሥር የለም፤ ሁሉም ጠቁረዋል። ጵርስቅላ እጆቿን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየቻቸው። ዘወር ሲሉ ቤተልሔም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«በቃ እንሂድ» አለች። «አዲስ አበባ እንሂድ።»

ብዙነህ በማግስቱ መኪና ይዞ መጣ። ተራ ባይኖራቸውም እንለምናለን ብለው ተነሡ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር በእናትና በአባቷ መካከል ተቀመጠች። ሁለቱ በሁለት መስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ወራቤን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ቤተልሔም የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ… ስታገላብጫቸው አይቼሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ፣ የኔ ልጅ?»

«አባዬ ነግሮሽ መሰለኝ። ታርቃችሁ አብራችሁ የምትሠሩ መሰለኝ… ደስ ብሎኝ ነበር።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። በሌላ እጇ የአባቷን እጅ ፈልጋ አገኘች። «አልሄድም ያልኩት ለኤሊዎቹ ብቻ አይደለም። እኔ ከሄድኩ ማን ያነጋግራችኋል ብዬ ነው።»

ወይ ልጅ! ወይ አለመታደል! ጴጥሮስ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመው። ሁለቱን እጆች እንደያዘች ራሷን የእናቷ ደረት ላይ ጣል አደረገች። ቡታጅራ ሳይደርሱ ትንፋሿ ቆመ። ብዙነህ መኪናውን ዳር አስያዘ፤ የጵርስቅላ ጩኸት መንገደኛውን ሁሉ አቆመው…

ድንኳኑ ከአጥሩ በር ላይ ተተከለ። ወንዶቹ በአግዳሚ ወንበር፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። መዘምራን ዘመሩ፤ መጋቢው ጸለየ፤ ሽማግሌዎቹም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያሉ ጴጥሮስን አጽናኑት። እሱ ግን አልሰማቸውም። ድንገት ተነሣና በሕዝቡ መሃል አቋርጦ ወደ ሴቶቹ ሄደ። ለቀስተኛው ግራ ገባው። ከጵርስቅላ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

«አልነገርኩሽም» አላት። «አንድ ቃል ነበር… አልነገርኩሽም። ስትለምኚኝም አልሰማሁሽም።»

«እኔም አልጠየቅኩህም» አለችው። ትከሻው ላይ ወደቀች። በድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም።

ዕጣ ፈንታዋ ነው፣ ቀኗ ነው ተባለ። ይሆናል። የሰው ልጅ የተቆረጠለትን ቀን ማን ያውቃል? ግን ዕጣ ፈንታ ስንቱን ይሸከም? ሕመሙን እሱ አመጣው እንበል፤ ኩርፊያውንስ ማን አመጣው? ጴጥሮስና ጵርስቅላ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው አያውቁም። ማታ ማታ ብቻቸውን ተቀምጠው ያወራሉ፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ እሷ። ሲያወሩ ብትሰማ ደስ የሚላት ልጅ ግን የለችም።