የመለሰልኝ ኮለን

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። አልቀየማችሁም። የሌላ ሰው ታሪክ ሆኖ ብሰማው እኔም "እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔ በራሴ ላይ።

ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ሳለ ነው።

የግንባታ መሐንዲስ ነኝ። ባለቤቴም መሐንዲስ ነበር። አንድ ሕንፃ ላይ አብረን ነበር የምንሠራው። "ቤትም ሳይትም አንድ ላይ፣ አትሰለቻቹም እንዴ?" እያሉ ያሾፉብን ነበር።

አልተሰለቻቸንም።

ኮለን፣ ማለትም ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ፣ ኮንክሪት ሲሞላ የእሱ ሥራ ማዳመጥ ነበር። ካሳፎርማውን፣ ያው ዙሪያውን የሚይዘውን እንጨት፣ በመዳፉ ሁለቴ ይመታዋል። ድምፁ ባዶ ከሆነ ውስጡ ክፍተት አለው ማለት ነው። ድፍን ካለ ሞልቷል።

ያኔ ወደ እኔ ዞሮ ይጮሃል።

"ጠገበ!"

ይህን አመሉን ቤትም ይዞት መጣ። የምንኖረው ግድግዳ በሚጋሩ፣ በተርታ በተሠሩ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ነው። የመጨረሻው ቤት ተከራይ ከለቀቀው ከርሟል፤ እንደተቆለፈ ነው። ባለቤቴ ከእኔ ኋላ ከገባ ሳሎን ይቆምና ግድግዳውን ሁለቴ ያንኳኳል።

አለሽ? ማለቱ ነው።

እኔ ከማድቤት አንድ ጊዜ እመልስለታለሁ። አለሁ።

አንድ ቀን እጄ ሳሙና በሳሙና ስለነበር ዝም አልኩት። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እየሮጠ መጣ።

"ምነው? ደህና አይደለሽም?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ሁለተኛ እንዳይለምድሽ። ካልመለስሽልኝ ቤት ለቤት እያንኳኳሁ ነው የምፈልግሽ።"

የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ላይ የማዕዘኑን ኮለን አስሞላ። መታው፣ አዳመጠው፣ "ጠገበ!" አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስቀሰቅሰው አልነቃም።

ልቡ ነው አሉ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። ሞክሬ ነበር፣ አቃተኝ።

ከሐዘን ቤት ወጥቼ ሥራ ስመለስ ካሳፎርማው ሁሉ ተፈቷል። ኮለኖቹ እንዳይሰነጠቁ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው ቆመዋል። ሰው ፊት ላለማልቀስ ስል ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ቀረሁ። እግሬ ራሱ ወደ ማዕዘኑ ኮለን ወሰደኝ።

ጆንያው አንድ ቦታ ላይ ደርቋል።

ሌላው ጎኑ ውሃ ይንጠባጠባል። እዚያ ጋ ብቻ... የሰው ጀርባ የሚያህል ደረቅ ቦታ።

እጄን በጆንያው ሥር አስገባሁ።

ይሞቃል።

ኮንክሪት ሲጠነክር ይሞቃል፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ግን የጥቂት ቀን ጉዳይ ነው። ይሄኛው መቀዝቀዝ ከነበረበት ቆይቷል። ፀሐይ ነው እንዳልል ደግሞ ያለው ጥላ ውስጥ ነው።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መዳፌን አነሳሁና ሁለቴ መታሁት።

ድምፁ ባዶ ነበር።

እንዴት ተደርጎ! እሱ ጠገበ ያለው ኮለን እኮ ነው። በሌላ በሌላው ልንጣላ እንችላለን፣ በኮንክሪት ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ጆሮዬን አስጠጋሁ...

ከውስጥ... አንድ ጊዜ።

ኳ።

ፈራሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ። ግን ደስም ብሎኛል። እውነቱ ይሄ ነው። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅኩ እንደገና ሁለቴ መታሁ።

ኳ።

"አለህ..." አልኩ በሹክሹክታ። "አለህ እንዴ..."

"ልጄ፣ ምሳ አትበይም?"

ከኋላዬ የቆሙት ፎርማናችን ናቸው። ነገር ሁሉ ቀጥ ካላለ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አዛውንት ስለሆኑ "ጋሽ ውሃ ልክ" ነው የምንላቸው።

"መጣሁ ጋሼ።"

እሳቸው ግን ዓይናቸው ደረቁ ጆንያ ላይ ነበር። ቀረብ ብለው ኮለኑን በመዳፋቸው አንዴ ብቻ መታ አደረጉት። አልተገረሙም።

"ባዶ ነው፣ አይደል?"

"ሞልቶ ነበር። እሱ ራሱ ነው ያየው።"

"እኔም ቆሜ ነበር። ሞልቶ ነበር።" ወደ ላይ ቀና አሉ። "ነገ ሶሌታው ይሞላል፣ ልጄ። ያ ሁሉ ጣሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።"

"ጋሼ... ውስጡ የሚያንኳኳ..."

"ሰምቻለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ትናንት። ላንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

እጃቸውን ያዝኩት።

"ትንሽ እንቆይ። እባክዎ ጋሼ። ትንሽ ቀን ብቻ።"

አዘኑልኝ። ሲያዝኑልኝ አየሁ። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ነገ ላዩ ላይ የሚወጡት ልጆችም እኮ የሚጠብቃቸው ሰው አለ።"

ትእዛዙን የምሰጠው እኔ ነኝ። ይቁም ካልኩ ይቆማል፤ ይፍረስ ካልኩ ይፈርሳል። ይቁም ካልኩ እሱ ይኖረኛል፣ የሌላ ሴት ባል ግን ከሥሩ ይቀራል።

ግንባሬን ኮለኑ ላይ አስደገፍኩ። ሙቀቱ ፊቴን ነካኝ። አላንኳኳሁም። ካንኳኳሁ አለሁ ይለኛል፤ አለሁ ካለኝ ደግሞ አላፈርሰውም።

"ይቅር በለኝ" ብቻ አልኩት።

"ይፍረስ።"

ሠራተኞቹ በመዶሻ ጀመሩት። ሂጂ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። እያንዳንዱ ምት ደረቴ ላይ የሚያርፍ መሰለኝ። ደረት ቁመት አካባቢ ሲደርሱ ኮንክሪቱ ተፈረከሰና ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ።

በፌሮ ብረቶቹ መሃል፣ የሰው ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። ውስጡ ልስልስ ነው። ጫፉ ላይ የጡጫ ቅርፅ... በቀለበት ጣቱ ላይ ቀጭን ክብ መስመር አለ።

ማንም የለበትም። ቅርፁ ብቻ ነው።

"ቀጥሉ" አሉ ጋሽ ውሃ ልክ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ማድቤት ቆሜ ነበር። ውጭው ገና አልጨለመም። ብርጭቆ እያጠብኩ ነው።

ከሳሎን በኩል...

ኳ፣ ኳ።

አለሽ?

እጄን አነሳሁ። ግድግዳው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ከኮለኑ ውስጥ ያየሁት ያ ጡጫ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እጄ እዚያው አየር ላይ ደርቆ ቀረ።

ፈራሁት። ሌት ተቀን የምናፍቀውን ሰው... ፈራሁት።

ጠበቀኝ።

ቆየት ብሎ፣ በጎረቤት ግድግዳ ላይ።

ኳ፣ ኳ።

ከዚያ ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ቤት።

ኳ፣ ኳ።

ቤት ለቤት።

ያኔ ነው የባነንኩት። ግድግዳውን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

"አለሁ! እዚህ ነኝ! ተመለስ፣ አለሁ!"

እየራቀ ሄደ። በየቤቱ ሁለቴ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ያልፋል። እየጮህኩ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤቶቼም ወጥተው በሐዘን ያዩኛል።

የተርታው መጨረሻ ላይ ደረሰ። የተቆለፈው ቤት ጋ። ቀስ ብሎ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው...

ኳ፣ ኳ።

ከውስጥ... አንድ ጊዜ።

ኳ።

መለሱለት።

ከዚያ ወዲህ አንኳኩቶ አያውቅም።

አዲሱ ኮለን ቆሟል፣ ሶሌታውም ተሞልቷል። ማንም ሰው አልተጎዳም፤ እሱ ይበቃኛል እላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ሁለቴ እመታዋለሁ። ድፍን ነው። ጠግቧል። ማታ ማታ ደግሞ ሳሎን ቆሜ ግድግዳውን አንኳኳለሁ። ማድቤቱ ዝም ይላል።

ትናንት ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ከሥራ ስመለስ እስከ ተርታው መጨረሻ ሄድኩ። የበሩ ቁልፍ እንደዛገ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ረጥቧል።

ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ደርቋል።

አንደኛው የእሱን ጀርባ ያህላል። ሌላኛው ከጎኑ ጥብቅ ብሎ የተጠጋ ነው፣ አጠር ያለ።

ቀርቤ ተለካሁት።

በእኔ ቁመት ልክ ነው።