ተራ የገባ ክኒን

ሀሊሞ በባሏ አስከሬን ላይ አልቅሳ ሳይወጣላት ስሟ ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ባሏ ዋሪዮ ዛሬ ጠዋት ሄሉ በሚባለው ከብት ገበያ ውስጥ እንደ ቆመ አንደበቱ ተሳስሮ፣ ቀኝ ጎኑ ከድቶት ወድቆ ሞተ። ታናሽ ወንድሙ ጋልጋሎ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማው፣ «መርዛዋለች! ዳዋውን የምትሰጠው እሷ ብቻ ናት!» ይላል፤ ዳዋ የሚለው መድኃኒቱን ነው። ሁለት ልጆቿንም ወደ ራሱ ቤት ወስዶባታል። የጨነቀው ሰው አምላኩን ይጠራል፣ እሷ ግን እሱንም መጥራት አቃታት።

ፖሊሱ ዶቃታ ሲደርስ አስከሬኑን አይቶ፣ ሀሊሞ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ከስምንት ወር በፊት ናይሮቢ አንገቱን ከፍተው የተደፈነውን የደም ሥር ጠረጉለት። ሐኪሙ፣ ‹ቢላው አጽድቶልሃል፤ ዳግመኛ እንዳይደፈን የሚጠብቅህ ክኒኑ ነው፣ ዕድሜ ልክህን› አለው። ሲጋራውን ተወ። ጨው ቀነስኩለት። በየጠዋቱ ሁለት ክኒን፣ የደም ግፊቱንና ደም የሚያቀጥነውን፣ መዳፉ ላይ አደርግለታለሁ።»

«ሲውጥ ታያለሽ?»

ሀሊሞ አይታ አታውቅም። ዋሪዮ፣ «ገበያ ደርሼ በሻይ እውጠዋለሁ» እያለ ነበር የሚወጣው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከቤቷ ደጅ ወዲያ ያለውን ሌላው ሁሉ ቢያውቅ እሷ አታውቅም።

ዶቃታ በጠርሙሶቹ የቀረውን ክኒን ቆጠረ፤ ከቀኑ ጋር ሲያስተያየው አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። የሰፈሩን ክሊኒክ ሐኪም ፌይዝን ጠየቀው።

«መርዝ አይመስልም፣ ስትሮክ ነው» አለ ፌይዝ። «የሚገርመኝ ግፊቱ ነው። አንዱን ቀን ደህና፣ በማግስቱ ከፍ ይል ነበር። መሣሪያዬ ተበላሸ ብዬ ነበር።»

ጋልጋሎ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ጨርቁ በደም ርሷል።

«መቼ ተቆረጥክ?» አለው ዶቃታ።

«የመገነዣውን ጨርቅ፣ ከፈኑን ስቀድ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት።»

አሁን የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን እየተሰማ ነበር። ዶቃታ የሰውየውን ክንድ ይዞ እጅጌውን ሰበሰበ፤ እዚህም እዚያም በልዟል። ምንም ሳይል ዘመድ ሁሉ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ እንዲቀመጥ አዘዘ። ሀሊሞ አሁን ያስሩኛል ብላ ከሁሉ ኋላ ተቀመጠች።

«ክኒኑ በየቀኑ ልክ ጎድሏል» ሲል ጀመረ ዶቃታ። «ሚስትየው ሰጥታለች ማለት ነው። የሟቹ ግፊት ግን ቀን እየዘለለ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ቀን እየዘለለ ይውጥ ነበር። የቀረው የማን ሆድ ገባ? የጋልጋሎ ጣት ከዙህር እስከ ዐስር አልደረቀም፤ ክንዱም በልዟል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ነው። ጋልጋሎ፣ ኪስህን አሳየን።»

ጋልጋሎ ከሽርጡ ቋጠሮ የስኳር ወረቀት አወጣ። ሁለት ክኒን ወደቀ።

«ባለፈው ክረምት ግራ እጄ ደነዘዘ» አለ ድምፁ እየተቆረጠ። «ናይሮቢን ፈራሁ፤ ቢላውን ፈራሁ። ዋሪዮ፣ ‹አባታችን ከሞተ ጀምሮ ምን ብቻዬን በልቼ አውቃለሁ?› አለኝ። የሚታረደውን ብልት፣ የሚታለበውን ወተት እንደምንካፈለው፣ አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለእኔ። ሀሊሞ እንዳትሰማ አስማለኝ።»

«ይህን እያወቅክ ነው እሷን የወነጀልካት?» አለ ዶቃታ።

«የገደልኩት እኔ እንዳልሆን ነው!»

«የዛሬው ለምን አልተዋጠም?»

«ጠዋት ግንባሩ አልቦት ነበር። ‹ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ተራው የእኔ ቢሆንም ዛሬ አንተ ውሰደው› አልኩት። ‹ተራ ተራ ነው› ብሎ ኪሴ ከተተው። ከዚያ ሳልውጠው ወደቀ።»

ግቢው በልቅሶ ተናጠ። ሀሊሞ ግን አላለቀሰችም። ስምንት ወር ሙሉ ባሏን የጠበቀች መስሏት ግማሹን ብቻ መጠበቋ አንገበገባት። ሁለቱን ክኒኖች ከመሬት አንስታ ፌይዝ እጅ ላይ አኖረችና ወደ ጋልጋሎ ዞረች።

«ልጆቼን አምጣልኝ። ከቀብር መልስ ቀጥታ ሐኪሙ ጋ ትሄዳለህ፤ ክኒንህን በራስህ ስም ታወጣለህ፣ በየቀኑም ፊቴ ትውጣለህ። ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሬሳ አላወጣም።»