ሁለተኛው ጉርሻ

የ1988 ክረምት ለነሳና ቤት ክፉ ነበር። ሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አባቷን አብዱልሐሚድን ደም ግፊት መታው። ከአሰብ ያመጣውን ጭነት አራግፎ፣ መኪናውን ወሎ ሰፈር፣ ከቤታቸው አጠገብ ያለው ጋራዥ አቁሞ ሊወርድ ሲል ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ባለጋራዡ ጋሼ ኢሳ ተሸክሞ አወረደው። ሐምሌን ሆስፒታል ተኛ። ነሐሴ ላይ ቤቱ ገባ። እግሩ በከዘራ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ጭኑ ላይ ቀረ። መኪናው ለሌላ ሹፌር ተሰጠ። እናቷ ሐሚዳ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለችውን ትንሽ ሱቅ ከንጋት እስከ ምሽት መጠበቅ ያዘች። ሰው ሊጠይቅ ይመጣል፤ «አብሽሩ፣ አላህ ያሽረዋል» ብሎ ይሄዳል። ዝናቡ አላባራም። እንዲህ እያለ መስከረም ጠባ።

ሳና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ገባች። ፈረቃዋ የጠዋት ስለሆነ ለምሳ ቤት ትደርሳለች። አባቷን ምሳ ማጉረስ የእሷ ሥራ ሆነ።

አብዱልሐሚድ በግራ እጁ አይበላም። ጋሼ ኢሳ «ለታመመ ሰው ይፈቀዳል» ቢለውም፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ማንኪያ በግራው ቢያስይዘውም እምቢ አለ። «ግራዬ እህል አይነካም» አለ፤ አበቃ። ስለዚህ ጠዋት ሐሚዳ፣ ቀን ሳና፣ ማታ ደግሞ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ያጎርሰዋል። ማጉረስ ፍቅር ነው። ለታመመ ሲሆን ግዴታም ነው። በዚህ ውስጥ ክፉ ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጉርሻ በዚያ ቤት የቆየ ታሪክ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የአረፋ ዕለት፣ አብዱልሐሚድ ሳናን አንድ ጊዜ አጉርሶ ሁለተኛውን ሲጠቀልል ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ጭነቱ አስቸኳይ ነው ተባለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛው ዕዳ ይሁንብኝ» ብሏት ወጣ። በዚያ ጉዞ ከፊቱ ይሄድ የነበረው መኪና በረሃው ላይ ተገልብጦ ሁለት ሰው ሞተ። እሱ በደህና ተመለሰ። ሲመለስ ሊያጎርሳት ቢል ሳና አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«አይሆንም! ዕዳ ያለበት ሰው ይመለሳል» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አሰብ ሊወርድ በተነሣ ቁጥር ይሞክራል፤ እሷ ትሸፍናለች። የቤቱ ቀልድ ሆነ። ለሳና ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሦስቱም ወደ ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄዱ። ሐሚዳ «ማሻው ክፍል» ትለዋለች። የሚያሽ ወጌሻ ጠብቃ ነበር። ያገኙት አቶ ገሰሰ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ከነጭ ጋዋናቸው ሥር ሹራብ ለብሰዋል። የአብዱልሐሚድን እጅ አነሱ፤ አጠፉ፤ ዘረጉ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አዩ። አላሹም።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ነበርኩ» አለ።

አቶ ገሰሰ መሳቢያቸውን ከፍተው ትልቅ ቡሎን ከነዳዶው አወጡ። «ይፍቱልኝ።»

አብዱልሐሚድ በግራው ሊቀበል ሲል ነጠቁት። «በቀኝዎ።»

አውራ ጣቱ ብረቱን ነካ፣ ተንሸራተተ፣ እንደገና ነካ። ዳዶው የጤፍ ቅንጣት ያህል ዞረ። ግንባሩ በላብ ራሰ።

«እጁ አልሞተም፤ አንቀላፍቷል» አሉ አቶ ገሰሰ። «ምግብ ማን ያበላቸዋል?»

«እኛ ነና፣ ዶክተር!» አለች ሐሚዳ። «አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን ሳይበላ አላደረ።»

«ዶክተር አይደለሁም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያጎርሳቸው።»

ሐሚዳ ሻሿን ጠበቅ አደረገች። «ተርቦ ይሙት ነው የሚሉኝ?»

«አይሞቱም። ሌላ ሰው ካጎረሳቸው እጃቸው ለምን ይነሣል? መታጠፉ ይቀላል፤ መዘርጋቱ ነው የሚከብደው። እጅ ሁለቱንም ትሪ ላይ ይማራል። ደግሞ ጊዜ የለንም፤ እጅ በነዚህ ወራት ካልተቀሰቀሰ እንቅልፉ ይከብዳል።» ወደ አብዱልሐሚድ ዞሩ። «በግራዬ አልበላም ማለትዎን ከሐኪሙ ሰምቻለሁ። በዚሁ ይጽኑ።»

ከዚያ የተሰመረ ወረቀት አውጥተው ለሳና ሰጧት። «ምሳ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። በራሳቸው እጅ በበሉ ቀን ራይት አድርጊ። ካልበሉ ባዶ ተዪው።»

ሳና ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ሐኪሙ በግራ ይብላ ብሏል። ጋሼ ኢሳ ይፈቀዳል ብሏል። እናቷ ማጉረስ ነው ትላለች። እኚህ ደግሞ ጉርሻውን ተዉት ይላሉ። ሁሉም የአባቷን ደህንነት ይፈልጋሉ። ማን ነው ልክ?

በማግስቱ ትሪውን አቀረበች። ለግፊቱ ሲባል ጨውና በርበሬ ስለተከለከለ ምግቡ ሁልጊዜ እርድ የበዛበት የክክ አልጫ ነው። አብዱልሐሚድ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ትሪው ላይ አኖረው። እንጀራውን መቁረስ አቃተው። እሷ ቆርሳ አቀረበችለት። ጠቀለለ፤ ፈሰሰ። ጠቀለለ፤ ሸሚዙ ላይ ወደቀ። አምስተኛው ላይ ትሪውን በግራው ገፋው።

«አጉርሺኝ።»

«አቶ ገሰሰ እኮ…»

«እኔ ነኝ አባትሽ ወይስ እሱ?»

አጎረሰችው። ዓይኖቹን ጨፍኖ አላመጠ። ከበላ በኋላ ወረቀቱን አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ባዶ ብትተወው አባቷ ሰነፍ ሊባል ነው። ራይት አደረገች። በማግስቱም አደረገች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳታመነታ አደረገች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ገሰሰ ወረቀቱን ተቀበሉ። አሥራ አራት ራይት። ቡሎኑን ሰጡት። ዳዶው እንደ በፊቱ የጤፍ ቅንጣት ያህል ዞረ። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፤ ዳዶውን አዩ። ከዚያ የአብዱልሐሚድን ቀኝ እጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና ጥፍሮቹን ተመለከቱ። ነጭ ናቸው።

«አልጫ ነው አይደል የሚበሉት?»

«በየቀኑ፤ ሰለቸኝ እኮ» አለ አብዱልሐሚድ።

አቶ ገሰሰ ሳናን በምልክት ጠሩና ጥግ ላይ አቆሟት። እጇን አላነሡም፤ ብቻ ዝቅ ብለው አዩት። የቀኝ እጇ ጥፍሮች ጫፋቸው ቢጫ ነው። እርድ በሳሙና አይለቅም።

ሳና እጇን ከዩኒፎርሟ ኪስ ከተተች። ፊቷ ነደደ። ለእናቷ ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። አልተናገሩም። ሌላ ባዶ ወረቀት ሰጧት።

«ትናንት የነበረው እጅ ዛሬ የለም ብዬ መጻፍ አልወድም» አሉ በዝግታ። «ግን ጽፌ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ።»

በታክሲው ውስጥ አባቷ ተራ በተራ ፌርማታዎቹን እየጠራ ይቀልድ ነበር። እሷ አልሰማችውም።

በማግስቱ ምሳውን አቀረበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር አደረገች፤ ተቀመጠችባቸው።

«አጉርሺኝ።»

«አላጎርስም፣ አባዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አላጎርስም።»

ጮኸባት። ድሮ በረሃ ላይ ለረዳቶቹ ይጮህ እንደነበረው ነው የጮኸው። ድምፁን የሰማው ጋሼ ኢሳ ከጋራዡ በዘይት እጁ እየሮጠ ገባ። ነገሩን ሲያውቅ ራሱን ነቀነቀ።

«ዓጂብ! አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝ አገር ነው እንዴ ያለሽው? አባትሽ እኮ ነው!» እጁን ታጥቦ መጥቶ አጎረሰው። «ብላ አብዱ፣ ብላ። ልጅነት ነው፤ ያልፍላታል።» ሳና ተነሥታ ወጣች። ወረቀቱን ባዶ ተወችው።

ወሬው ሰፈር ገባ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጓደኛዋ ቲጂ ቦርሳዋን እያወዛወዘች፣ «አንቺ ግን ጨካኝ ነሽ እየተባለ ነው፣ አውቀሻል?» አለቻት።

«ማን አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ ነዋ! አባቷን ምሳ የምትከለክል። ማዘር ራሷ ‹እውነት ነው እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሙዱ አልገባኝም አልኳት።»

«እኔም አልገባኝም» አለች ሳና። የምሯን ነበር።

ቤት ስትደርስ በሩ ላይ ቆመች። የጋራዡ መዶሻ ይሰማል። ገባችና መወርወሪያውን ከውስጥ ዘጋችው። አባቷ አያት። ትሪውን አኖረች። እጆቿ ላይ ተቀመጠች።

«በሩን ለምን ዘጋሽው?»

«ጋሼ ኢሳ እንዳይመጣ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከመስጊዱ የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። እንጀራው ዳር ዳሩ መድረቅ ጀመረ። የሳና ሆድ ጮኸ፤ ድምፁ በጸጥታው ውስጥ ጎልቶ ተሰማ።

«አንቺ በልተሻል?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«አልበላሁም።»

«ብይ።»

«አንተ ስትበላ እበላለሁ።»

ከግድግዳው አልዞረም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ አሰበች ሳና። አቶ ገሰሰም ሽማግሌ ናቸው፤ ሽማግሌም ይሳሳታል። እጆቿ ደንዝዘው ነበር። አንዷን ልታወጣ ስትል አባቷ ዞረ።

«እናትሽ ቆራጥ ናት እል ነበር» አለ። «ለካ ካንቺ አትደርስም።»

ቀኝ እጁን ትሪው ላይ አኖረ። ጠቀለለ፤ ፈሰሰ። ጠቀለለ፤ ፈሰሰ። ስድስተኛው ላይ አንገቱን እንደሚጠጣ ከብት ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ትንሽ ብቻ አንሥቶ ጎረሰ። አልጫው በጺሙ ላይ ወረደ። ሳና ልትጠርግለት ፈለገች። አልጠረገችም። ያን ቀን አራት ጊዜ ጎረሰ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እሷም በላች። ከዚያ አንድ ራይት አደረገች።

ጥቅምት እንዲህ አለፈ። ሐሚዳ መጀመሪያ አለቀሰች፤ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማጉረሷን ራሷ ተወች። ጋሼ ኢሳ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን አንድ ጣሳ ሙሉ አሮጌ ቡሎንና ዳዶ ይዞ መጣ። «ይኸው፣ ፍታ! ለእኔም ሥራ ይቀልልኛል» አለ። ከሰዓት በኋላ አብዱልሐሚድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይፈታል፣ ያጠብቃል። አንዳንድ ቀን ይሳደባል። አንዳንድ ቀን ጣሳውን በከዘራው ይጥለዋል፤ ሳና ትለቅማለች። በወረቀቱ ላይ ባዶ ቀኖችም ነበሩ። አቶ ገሰሰ ባዶዎቹን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የአብዱልሐሚድን ጥፍር አዩ። ጫፉ ቢጫ ነበር።

ኅዳር ገባ። አንድ ማክሰኞ ምሳ ላይ ሳና እንደ ልማዷ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አባቷ ቀና ብሎ መጉረስ ችሏል። ሦስት ጊዜ ጎረሰ። አራተኛውን ጠቀለለና እጁ ወደ አፉ አልሄደም። ትሪው ላይ ተንሳፈፈ። ክርኑ ቀስ እያለ መዘርጋት ጀመረ።

«ሳና።»

«አቤት።»

«የአረፋዋን።»

መዳፏ ሳታዘው ተነሥቶ አፏን ሸፈነ። የሦስት ዓመት ልማድ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ይመለሳል። ከበረሃ ተመልሷል፤ ከሆስፒታልም ተመልሷል። ዕዳ የሌለበትስ? ማንን ትጠይቃለች? ይህን አቶ ገሰሰም አያውቁትም።

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ተንቀጠቀጠ። አልጫው በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

«ቶሎ በይ እንጂ፤ ጭነት የለብኝም ብለሽ ነው?» አለ ጥርሱን ነክሶ።

መዳፏን አወረደች። ጎንበስ ብትል ትደርስበት ነበር። አላለችም። እጆቿን ከጭኗ ሥር መልሳ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ ጠበቀችው።

ጣቶቹ ከንፈሯን አገጯን አዳርሰው ገቡ። ከጉርሻው ግማሹ ትሪው ላይ ቀርቷል። የደረሰው ጨው የሌለው የቀዘቀዘ ክክ ነበር። አላምጣ ዋጠችው።

«ተከፈለ?» አለ እያለከለከ።

«ተከፈለ።»

እጁ ትሪው ላይ ወድቆ ጥቂት አረፈ። ከዚያ እንደገና ወደ እንጀራው መሳብ ጀመረ። ሳና እጆቿን ከጭኗ ሥር አላወጣችም። ምሳው ገና አላለቀም።